የፋብሪካ ዱቄት፣ የእጅ ስጦታ፦ ስለ መታጠቢያ ኳስ ታሪክ

(በትምህርት ክፍሉ የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የታረመ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ርዕሴ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ታሪክ ክፍል ደግሞ ሳሙና መሥራት ጀመረ እንዴ?» ብሎ ቀልዶብኛል። አልተቀየምኩትም። የማወራው ግን ስለ ሳሙና ሳይሆን፣ ብርቱካን ስለምታህል፣ ውሃ ሲነካት ስለምትፍለቀለቅ ኳስ ነው። ፈረንጆች «ባዝ ቦምብ» ይሏታል። «ቦምብ» የሚለው ቃል ለእኔ ዘመን ሰው ጆሮ ስለማይጥም፣ የመታጠቢያ ኳስ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ባለፈው የገና ሰሞን በሜሪላንድ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ለዘመድ ጥየቃ መጥታ ነበር። ስድስት ኳሶች በስስ ወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝና «ጋሼ፣ ከሱቅ የተገዛ እንዳይመስልዎ፤ በእጄ ነው የሠራሁት» አለችኝ። በቤቴ ባኞ የለም፤ ውሃም የሚመጣው በፈረቃ ነው። ስለዚህ አንዷን ኳስ ሳፋ ውስጥ ጣልኩና እግሬን ነከርኩ። ኳሷ እየተሽከረከረች ስትሟሟ፣ እኔ በሐሳብ የቀረሁት «በእጄ» በሚለው ቃል ላይ ነበር። ለመሆኑ በዚህች ኳስ ውስጥ የእጅ ሥራው የቱ ነው?

ኳሷ በዋናነት ሁለት ዱቄቶች ናት፤ ቤኪንግ ሶዳ እና ሲትሪክ አሲድ። ሁለቱ ደረቅ እስከሆኑ ድረስ ጎን ለጎን በሰላም ይኖራሉ፤ ውሃ ሲያገናኛቸው ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ። 252 ግራም ሶዳ ከ192 ግራም ሲትሪክ አሲድ ጋር ሙሉ በሙሉ ሲዋሐድ በክፍል ሙቀት 70 ሊትር ያህል ጋዝ ይወጣል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሦስት በላይ የሚሞላ ነው። ከውሕደቱ ራሱ ውሃ ስለሚፈጠር አንዲት ጠብታ የጀመረችው ነገር በራሱ ይቀጥላል። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

መፍለቅለቁ መጀመሪያ ለገላ አልታሰበም፤ የምንጭ ውሃን ለመምሰል የተደረገ ጥረት ነበር። የአውሮፓ ባለጸጎች ከማዕድን ውሃ ለመጠጣትና በፍልውሃ ለመታጠብ ረጅም መንገድ ይጓዙ ነበር። ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም፤ በ1886 የተቆረቆረችው ዋና ከተማችንም ያለ ፍልውሃ እዚያ ቦታ ላይ ባልተገኘች ነበር። ወደ ምንጩ መሄድ ለማይችለው ሰው ግን ምንጩን ወደ ቤቱ ማምጣት የኬሚስቶች ሕልም ሆነ። ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1767 በሊድስ ከተማ፣ ከቢራ ጠመቃ የሚነሳውን ጋዝ በውሃ ውስጥ ማስቀረት ቻለ፤ በ1772ም ዘዴውን አሳተመ። በ1815 ደግሞ በቦሄሚያ በሚገኝ ምንጭ የተሰየመ «የሴድሊትዝ ዱቄት» በእንግሊዝ የፈጠራ መብት ተሰጠው። በሁለት ወረቀቶች ተጠቅልሎ ይሸጥ ነበር፤ በአንዱ ሶዳ ያለበት ዱቄት፣ በሌላው አሲድ። የኳሷ አያት ይህ ነው ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ይሁንና ያ ዱቄት መድኃኒት እንጂ ለጨዋታ የሚበተን ነገር አልነበረም። ሶዳ ከዕፅዋትና ከባሕር አረም አመድ ይገኝ ስለነበር ውድ ነበር። ፈረንሳዊው ኒኮላ ሌብላን በ1791 ከተራ ጨው ሶዳ የማውጣት ዘዴ አስመዘገበ፤ አብዮቱ ፋብሪካውን ወረሰበትና በ1806 በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ዘዴው ግን እንግሊዝ ገብቶ ተስፋፋ። ከጭስ ማውጫዎቹ የሚወጣው የአሲድ ጋዝ የአካባቢውን ዛፎችና አዝመራ ስላቃጠለ፣ የብሪታንያ ፓርላማ በ1863 ይህንኑ የሚገድብ ሕግ ለማውጣት ተገደደ። የቤልጂጉ ኧርነስት ሶልቬይ በ1861 ያስመዘገበው የተሻለ ዘዴ ሶዳን ከማንኛውም ማጀት የማይጠፋ ርካሽ ዕቃ አደረገው።

የሲትሪክ አሲድ ታሪክ ይበልጥ ያሳዝነኛል። ካርል ሼለ በ1784 ከሎሚ ጭማቂ አንጥሮ ካወጣው በኋላ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የዓለም ሲትሪክ አሲድ መነሻው ሎሚ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የሲሲሊ ሎሚ። ገበሬው ይለቅማል፣ ሠራተኛው ይጨምቃል፣ ጭማቂው ከኖራ ጋር ተዋሕዶ በመርከብ ወደ ውጭ ይላካል። በ1917 ጄምስ ከሪ የተባለ የምግብ ኬሚስት፣ አስፐርጊለስ ናይጀር የሚባለው ጥቁር ሻጋታ ስኳር ሲመገብ ሲትሪክ አሲድ በብዛት እንደሚያመነጭ አሳየ። በ1919 ፋይዘር በብሩክሊን በዚሁ ዘዴ ማምረት ጀመረ፤ የጣሊያን የበላይነትም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። በእህቴ ልጅ ኳስ ውስጥ ያለው «የሎሚ አሲድ» ሎሚ አይቶ አያውቅም። ከሻጋታ የመጣ ነው። ይህን ስነግራት ፊቷን አጨፈገገች።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አጭር ነው። በ1931 አልካ ሴልዘር የተባለው የሚፍለቀለቅ እንክብል በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። በ1989 ሞ ኮንስታንታይን የተባለች እንግሊዛዊት፣ በዚያ እንክብል መነሻነት፣ በጓሮዋ ባለች ጎጆ ውስጥ የመጀመሪያዋን የመታጠቢያ ኳስ ሠራች፤ በ1995 ከባልደረቦቿ ጋር በፑል ከተማ ለሽ የተባለውን ኩባንያ መሠረተች። ሁለቱ ዱቄቶች ከምግብ ሱቅ ስለሚገኙ ሌላውም ሰው በየማጀቱ ሊሠራት ቻለ። እንግዲህ «የቤት ውስጥ ሥራ» የምንለው ነገር ከፋብሪካ በፊት የነበረ ጥንታዊ ልማድ አይደለም፤ ፋብሪካው የወለደው ነው። በ1780 አንዲት የቤት እመቤት ይህችን ኳስ ልሥራ ብትል ኖሮ፣ ዕውቀቱ ቢኖራት እንኳ ገንዘቡ አይበቃትም ነበር።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ልመለስ፤ ሶዳ ከፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ከሐይቅም ይገኛልና። የጥንት ግብጻውያን ከዋዲ ናትሩን ያወጡት ነበር፤ በኬንያ የማጋዲ ሐይቅ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ የኩባንያ ሀብት ሆኗል። በእኛም ስምጥ ሸለቆ በአቢጃታ ዳርቻ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ተቋቁሟል። የአቢጃታ ውሃ ከዓመት ዓመት ሸሽቷል፤ ተመራማሪዎች ከምክንያቶቹ መካከል የፋብሪካውን ፓምፖችና ከላይ ያሉትን ወንዞች የሚጠቀመውን መስኖ ይጠቅሳሉ። የእህቴ ልጅ ሶዳ ከዚያ መጣ ማለቴ አይደለም። ርካሽ ዱቄት ግን አንድ ቦታ ላይ ሒሳቡ ይከፈላል፤ የሚከፍለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስጦታውን የማይቀበለው ሰው ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ስተርክላት የእህቴ ልጅ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና፣ «ታዲያ ጋሼ፣ የእኔ ድርሻ ምንድን ነው?» አለችኝ። «መጠቅለል» ብዬ ቀለድኩ። ቀልዱ እንዳስከፋት ከድምፅዋ ገባኝ። ስለዚህ ይቅርታ ጠየቅኩና እንዴት እንደምትሠራ እንድትነግረኝ ለመንኳት።

ችግሩ እርጥበቱ ነው አለችኝ። ዱቄቱ ካልራሰ አይያያዝም፤ ትንሽ ከበዛ ደግሞ እጅ ላይ እያለ መፍለቅለቅ ይጀምራል። ቀደም ብዬ ልብ በሉልኝ ያልኩት ይኼው ነው። ዘይትና ጥቂት አልኮል ጠብ እያደረገች ታሻለች፤ ጨብጣ ስትለቀው እንደ እርጥብ አሸዋ ቅርጹን ከያዘ ደርሷል ማለት ነው። ይህን ልክ ለማወቅ ሁለት ጊዜ ሙሉውን አበላሽታ ጥላለች። የሠራችውም ከማታ ሥራ ተመልሳ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የአስራ አንድ ዘመድ ስም በወረቀት ጽፋ ነው።

ሌብላንን፣ ሶልቬይን፣ ከሪን በስም የጠራሁላችሁ የፈጠራ መዝገብና የኩባንያ ሰነድ ስለተረፈ ነው። የኮንስታንታይንም ስም የቆየው ኩባንያ ስለመሠረተች ይመስለኛል። የእጅ መዳፍ የሚያውቀውን የእርጥበት ልክ ግን ማን ይመዘግባል? እኛ የታሪክ ሰዎች ሰነድ የሌለውን ነገር እንደሌለ መቁጠር ይቀናናል፤ እኔም «መጠቅለል» ስል ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ማርሴል ሞስ ስጦታን ባጠናበት በ1925 በታተመው ድርሳኑ፣ ከሚሰጠው ዕቃ ጋር ከሰጪው አንዳች ነገር አብሮ ይሄዳል የሚለውን ሐሳብ አጉልቶት ነበር። ተማሪ ሳለሁ ረቂቅ ፍልስፍና ይመስለኝ ነበር።

ከስድስቱ ኳሶች ሁለቱ ቀርተውኛል። አንደኛዋ የነሐሴን እርጥበት አልቻለችም፤ መሳቢያ ውስጥ እንዳለች አብጣ ተሰንጥቃለች። ሁለተኛዋን ይኸው ይዤ መጥቻለሁ፤ ከፊት ያላችሁ ተቀባበሏት፤ እባካችሁ እጃችሁ ደረቅ ይሁን። ጥያቄ ያለው መጠየቅ ይችላል።