ሱረት ጭስ የለውም፤ ልብን ግን ይጎዳል

«ሲጋራ አላጨስም፤ ሱረት ብቻ ነው የምወስደው» የሚሉ አባቶችን ሁላችንም እናውቃለን። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባሉ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ አባባል ለምን እንደማያዋጣ በአጭሩ እናያለን።

ጭስ አልባ ትምባሆ ምንድን ነው?

ሳይቃጠል የሚወሰድ ትምባሆ ሁሉ ነው፤ የሚታኘከውም፣ ተፈጭቶ በአፍንጫ የሚሳበው ወይም ከከንፈር ሥር የሚያዘው ሱረትም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ100 አዋቂዎች 5 ያህሉ ትምባሆ ይጠቀማሉ፤ 1.7 በመቶ የሚሆኑት አዋቂዎች ደግሞ ጭስ አልባውን ይወስዳሉ።

ልብን እንዴት ይጎዳል?

ኒኮቲን በአፍና በአፍንጫ ስስ ሽፋን አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። ያኔ የልብ ምት ይፈጥናል፣ የደም ሥር ይጠባል፣ ግፊት ይጨምራል። ሱረት አፍ ውስጥ ስለሚቆይ ኒኮቲኑም ደም ውስጥ ይቆያል። ጫትም በራሱ የልብ ምትንና ግፊትን ስለሚጨምር፣ ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሰው በልቡ ላይ ጫና ይደራርባል። በ52 አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ኢንተርሃርት» ጥናት፣ ትምባሆ በሚያኝኩ ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም የመድረስ ዕድሉ ከማይጠቀሙት ከ2 እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል።

ለእኛ አካባቢ ለምን ይከፋል?

ድንገተኛ የልብ ሕመም ጊዜ አይሰጥም። ከቦረና ወይም ከወግዲ ገጠር የተነሳ ታማሚ መካነ ሰላም ሆስፒታል ደርሶ ወደ ደሴ ሊላክ ይችላል። የተዘጋ የልብ ደም ሥር የሚከፈትበት ሕክምና ደግሞ በአብዛኛው ያለው አዲስ አበባ ነው። ሕክምናው ሩቅ ለሆነበት ሰው ትልቁ መድኃኒት አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው።

ማቆም ይጠቅማል?

አዎ፣ ዘግይቶም ቢሆን። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ የስዊድን ጥናት፣ ከልብ ሕመም በኋላ ከንፈር ሥር የሚያዘውን ትምባሆ የተዉት ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ካልተዉት በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር።

ምን እናድርግ?

• በረመዷን ከንጋት እስከ መግሪብ የታገሰ ሰው፣ ከኢፍጣር በኋላም መታገስ እንደሚችል ለራሱ አሳይቷል። ወሩን መነሻ እናድርገው።
• «ሱረት ግዛልኝ» ብለን ልጅ አንላክ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥ ክልክል ነው።
• ግፊታችንን እንለካ። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሱረት መጠቀሙን ለሐኪሙ ይንገር።
• ደረትን የሚጫንና ወደ ክንድ ወይም ወደ አንገት የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብና የትንፋሽ ማጠር ከመጣ «ያልፋል» ብለን አንጠብቅ፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም እንሂድ።

ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓ ዋና ዋና ዓላማዎች አንዱ ነው። ልባችንም አማና ነውና እንጠብቀው። አላህ ጤናውን ይስጠን።