ፍጥነትና ሙቀት፤ የቤት ኮምፒዩተርን ከተወሰነለት በላይ የማሠራት ታሪክ

በኤሌክትሪክ የሚሠራ የስሌት መኪና ሁሉ የሚወስደውን ኃይል በመጨረሻ የሚመልሰው በሙቀት መልክ ነው። ፓምፕ ውሃ ወደ ከፍታ ይገፋል፤ አሳንሰር ሸክም ያነሣል፤ ኮምፒዩተር ግን ቁጥርን ከቁጥር ሲደምር ውሎ ከተቀበለው ኃይል በክብደት ወይም በከፍታ የሚለካ አንዳች ነገር አያስቀርም። ስለዚህም የኮምፒዩተር ታሪክ በአንድ ወገኑ ሲታይ የማቀዝቀዝ ታሪክ ነው። በ1946 በፊላደልፊያ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ 18,000 የሚጠጉ የቫክዩም ቱቦዎች የነበሩት ሲሆን፣ 150 ኪሎዋት ገደማ ይወስድ ስለነበር ያለ ትልልቅ ማራገቢያ ሊሠራ አይችልም ነበር። ሲሞር ክሬይ በ1976 ያስረከበው ክሬይ-1 በፍሪዮን ይቀዘቅዝ ነበር፤ በ1985 የወጣው ክሬይ-2 ደግሞ ፍሎሪነርት በተባለ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ እንደ ተነከረ ይሠራ ነበር።

የቤት ኮምፒዩተር ግን ለረጅም ጊዜ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነበር። በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር የያዘው 8088 የተባለ ፕሮሰሰር በሴኮንድ 4.77 ሚሊዮን ምት ብቻ የሚመታ በመሆኑ፣ በላዩ የተለጠፈ ምንም ማቀዝቀዣ አልነበረውም። ነገሩ የተለወጠው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1993 ገበያ የዋሉት የመጀመሪያዎቹ ፔንቲየሞች 60 እና 66 ሜጋኸርትዝ የነበራቸው ሲሆን፣ ፈጣኛው እስከ 16 ዋት ይወስድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለ ክንፍ የአሉሚኒየም ቁራጭና በላዩ የምትሽከረከር ትንሽ ማራገቢያ የቤት ኮምፒዩተር ቋሚ አካል ሆኑ።

ባለቤቱ ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ሊያሠራው የሚችልበት ምክንያት ከአመራረቱ የሚመነጭ ነው። ከአንድ የሲሊኮን ገበታ ላይ ተቆርጠው የሚወጡት ቺፖች ሁሉ እኩል ጥራት የላቸውም። ፋብሪካው እያንዳንዱን ፈትኖ ፍጥነቱን ይጽፍበታል፤ ሲጽፍም በሞቃት ክፍልና ደካማ ማራገቢያ ባለው ሣጥን ውስጥ ለዓመታት ያለ ስሕተት እንዲሠራ አስቦ መጠባበቂያ ይተዋል። ከዚህም በላይ ገበያው ርካሹን ዓይነት በብዛት ሲጠይቅ፣ ለከፍተኛ ፍጥነት የሚበቁ ቺፖች ዝቅተኛ ቁጥር ተጽፎባቸው ይሸጣሉ። ኦቨርክሎኪንግ የተባለው ሥራ እንግዲህ ይህን መጠባበቂያ ፋብሪካው ለራሱ ካስቀመጠበት አንሥቶ ለገዢው ማዋል ነው። በዚሁ ቀዳዳ አጭበርባሪ ነጋዴዎችም ገብተውበት ነበር፤ የቺፑን ጽሑፍ ፍቀው ከፍ ያለ ቁጥር እየጻፉ ስለሚሸጡ፣ ኢንቴል በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የማባዣውን ቁጥር በቺፑ ውስጥ ቆለፈው። ለባለቤቱ የቀረው አንድ በር የማዘርቦርዱን የመነሻ ምት መለወጥ ነበር።

በዚህ በር እጅግ ብዙ ሰው የገባው በ1998 ነው። በነሐሴ ወር ኢንቴል ሴለሮን 300ኤ የተባለውን ርካሽ ፕሮሰሰር በ149 ዶላር አወጣ፤ በዚያው ዕለት የወጣው ፔንቲየም 2 ባለ 450 ሜጋኸርትዝ ዋጋው 669 ዶላር ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት የወጣው የመጀመሪያው ሴለሮን ሁለተኛ ደረጃ ካሽ ስላልነበረው ብዙ ተነቅፎ ነበርና፣ ኢንቴል ለ300ኤ 128 ኪሎባይት ካሽ በራሱ በቺፑ ላይ አሠፈረለት። ይህ ካሽ መጠኑ ከፔንቲየም 2ቱ 512 ኪሎባይት ያነሰ ቢሆንም፣ የፔንቲየሙ በፕሮሰሰሩ ግማሽ ፍጥነት ሲሠራ የሴለሮኑ ግን በሙሉ ፍጥነት ይሠራ ነበር። ፋብሪካው ርካሹን ዕቃ ለማሻሻል ሲል ውዱን የሚገዳደር ዕቃ ሠራ ማለት ነው።

የ300ኤ ማባዣ 4.5 ላይ የተቆለፈ ሲሆን የመነሻው ምት 66 ሜጋኸርትዝ ነበር። ባለቤቱ መነሻውን ወደ 100 ቢያወጣው 450 ያገኛል። ከዚህ ቀደም መነሻውን 75 ወይም 83 ያደረጉ ሰዎች ሌላ ችግር ይገጥማቸው ነበር፤ የካርዶቹና የዲስኩ መሥመር የመነሻው ምት ግማሽ ስለነበር ከ33 ሜጋኸርትዝ አልፎ እስከ 41 ይደርስና በዲስኩ ላይ ያለው ጽሑፍ ይበላሽ ነበር። በ100 ሜጋኸርትዝ ግን ማዘርቦርዱ ለሦስት ስለሚያካፍል መሥመሩ ተመልሶ 33 ላይ ይቆማል። ስለዚህ ግማሽ ያህል የሚበልጠው ፍጥነት ከትንሹ ጭማሪ ይልቅ ደኅንነት ነበረው። አቢት ቢኤች6 የተባለውን ማዘርቦርድ የያዘ ሰው ይህን ሁሉ ከመነሻው ሠንጠረዥ ላይ በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ ይፈጽመው ነበር፤ ሌላው ግን በፕሮሰሰሩ ካርድ ጠርዝ ላይ ያለችውን ቢ21 የተባለች መገናኛ በቀጭን ፕላስተር ወይም በጥፍር ቀለም ሸፍኖ ማዘርቦርዱን ያታልል ነበር። የ500 ዶላር ልዩነት በአንዲት ጠብታ የጥፍር ቀለም! ብዙዎቹ ቺፖች ያለ ችግር ሲታዘዙ፣ እንቢ ያሉት ከ2.0 ቮልት ትንሽ ከፍ ያለ ግፊትና የተሻለ ማቀዝቀዣ ይጠይቁ ነበር።

የሙቀቱ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በትራንዚስተሮቹ መከፈትና መዘጋት የሚጠፋው ኃይል ከምቱ ብዛት ጋር እኩል ሲያድግ፣ ከቮልቱ ጋር ግን የሚያድገው በራስ ብዜት ነው። ከ300 ወደ 450 የወጣ ፕሮሰሰር በዚያው ቮልት አንድ ተኩል እጥፍ ይሞቃል፤ ቮልቱ ከ2.0 ወደ 2.2 ከተነሣ ደግሞ 1.21 እጥፍ ይጨመርበትና ድምሩ 1.8 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሲሊኮኑ በሞቀ መጠን ትራንዚስተሩ ይዘገያል፤ የዘገየው በሰዓቱ ስላልደረሰ ስሕተት ይፈጥራል፤ ስሕተቱን ለማስቀረት ቮልት ሲጨመር እንደ ገና ይሞቃል። ማቀዝቀዣ እንግዲህ ቺፑን ከመቃጠል ማዳኛ ብቻ አይደለም፤ ይህን አዙሪት የሚሰብር፣ ራሱ የፍጥነት ምንጭ የሆነ መሣሪያ ነው። ሳይታይ የሚመጣ ሌላ ጉዳትም አለ። ጄምስ ብላክ በ1960ዎቹ መጨረሻ እንዳሳየው፣ ኤሌክትሪክ በብርቱ የሚፈስበት ቀጭን ሽቦ አተሞቹ ቀስ በቀስ እየተገፉ ይሳሳል፤ ሙቀትም ይህን እጅግ ያፋጥነዋል። ዛሬ በሰላም የሚሠራ ፕሮሰሰር ዕድሜው ማጠሩን ባለቤቱ የሚያውቀው ሲሞት ነው።

የአማተሮቹ የመጀመሪያ ትምህርት በሁለት ብረቶች መካከል ያለችውን ክፍተት መናቅ እንደማይገባ ነበር። ለዓይን ልሙጥ የሚመስሉ ሁለት ገጾች የሚነካኩት በጥቂት ነጥብ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው አየር ነው፤ አየር ደግሞ ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከመዳብ ከ10,000 ጊዜ በላይ ባነሰ መጠን ነው። በመካከሉ የሚቀባው ቅባት አየሩን ለማስወጣት እንጂ እንደ ቅቤ በወፍራሙ ለመለቅለቅ አይደለም፤ ሲበዛ ራሱ ግድግዳ ይሆናል። ስለዚህም የማቀዝቀዣውን ታች በመስተዋት ላይ በተዘረጋ የአሸዋ ወረቀት ሰዓታት እየፈጁ ማለስለስ የተለመደ ሆነ። ከዚያ በላይ ያለው ሥራ የአየር ነው። በዚህ ረገድ ለአገራችን ባለሙያ አንድ የሚጠቀስ ነገር አለ፤ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው የሚገፋው የአየር መጠን ያው ቢሆንም ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ዙር ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የከተማይቱ ቅዝቃዜ ጉድለቱን በከፊል ይክሰዋል።

በ2000 ተራው የኤ.ኤም.ዲ. ሆነ። በዚያ ዓመት የወጡት አትሎንና ዱሮን ማባዣቸው የሚቆለፈው በቺፑ ገበታ ላይ በሚታዩ ጥቃቅን መሥመሮች ስለነበር፣ የተቋረጡትን በተራ እርሳስ ማገናኘት ይበቃ ነበር፤ የእርሳሱ ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና። ዳሩ ግን እነዚህ ፕሮሰሰሮች ሲሊኮናቸው ራቁቱን ነበር። ከባዱን ማቀዝቀዣ በብርቱ ሞላ ሲያስሩት ትንሽ ያዘነበለ እንደ ሆነ ጠርዙ ይሸረፍና ገንዘቡ በአንድ ድምፅ ይጠፋል። ባለ 1.4 ጊጋኸርትዙ አትሎን እስከ 72 ዋት የሚወስድ ሲሆን የሲሊኮኑ ስፋት 120 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ነበር፤ ይህም በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር 60 ዋት ይሆናል። 1,000 ዋት የሚወስድ የልብስ ካውያ 200 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ገጽ ቢኖረው የሚደርሰው 5 ዋት ብቻ ነው። ሐኪሙ ቶማስ ፓብስት የመሠረተው ቶምስ ሃርድዌር በ2001 እየሠሩ ካሉ ፕሮሰሰሮች ላይ ማቀዝቀዣውን አንሥቶ በፊልም ሲያሳይ፣ ፔንቲየም 4 ፍጥነቱን ቀንሶ ተረፈ፤ አትሎኑ ግን ወዲያው ጢሶ ሞተ። ሙቀትን ለክቶ ራሱን የሚጠብቅ ቺፕ አስፈላጊ መሆኑ ከዚያ ወዲያ የሚያከራክር አልነበረም።

አየር ያልበቃቸው ሰዎች ከመኪና ማሞቂያ የተፈታ ራዲያተርና የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ይዘው ወደ ውሃ ተሻገሩ። ከእነርሱ መካከል መዳብና አሉሚኒየምን በአንድ ውሃ ያገናኙት፣ ሁለቱ ብረቶች ባትሪ ሆነው አሉሚኒየሙ ሲበላ በማየት ኬሚስትሪ ተማሩ። የፔልቲየር ገበታ ያስገቡት ደግሞ ቺፑን ከክፍሉ አየር በታች አቀዘቀዙት፤ ነገር ግን ጠል ማዘርቦርዱ ላይ መውረድ ስለ ጀመረ ዙሪያውን በጎማ ስፖንጅና በቫዝሊን መድፈን ግድ ሆነባቸው። ክራዮቴክ የተባለው የሳውዝ ካሮላይና ኩባንያ ይህንኑ ሥራ የፍሪጅ መጭመቂያ በሣጥን ውስጥ በማስገባት ለገበያ አቀረበው፤ በጥር 2000 ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የቀዘቀዘ አትሎን ይዞ 1 ጊጋኸርትዝ ሲደርስ፣ ኤ.ኤም.ዲ. ራሱ በተራ ማራገቢያ እዚያ የደረሰው በመጋቢት ነው።

ይህን ሁሉ እንደ ጎረምሳ ጨዋታ የሚቆጥሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ፍርዳቸው ግን ትክክል አልነበረም። አማተሩ በጠረጴዛው ላይ የተጋፈጠው ግድግዳ ፋብሪካዎቹ ጥቂት ዓመታት ቆይተው የተጋፈጡት ያው ግድግዳ ነው። ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ በ1974 እንዳስረዱት፣ ትራንዚስተር ሲያንስ ቮልቱም አብሮ ከወረደ በአንድ ስፋት ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አይጨምርም። ይህ ሕግ ለሠላሳ ዓመት ያህል ኢንዱስትሪውን መራ። በየካቲት 2004 ኢንቴል በ90 ናኖሜትር የሠራውን ፕሬስኮት ሲያወጣ ግን አነስተኛው ትራንዚስተር ከቀዳሚው ይልቅ ሞቀ፤ ባለ 3.4 ጊጋኸርትዙ የቀድሞው 89 ዋት ሲሆን የአዲሱ 103 ሆነ። ትራንዚስተሩ ተዘግቶም ኤሌክትሪክ ያፈስ ነበርና። በግንቦት ተከታዩ ቴጃስ ተሰረዘ፤ በጥቅምት ደግሞ ተስፋ የተሰጠበት ባለ 4 ጊጋኸርትዝ ፔንቲየም ቀረ። በ2005 ሁለት ፕሮሰሰር በአንድ ቺፕ የያዙት ወጡ፤ የፍጥነት እሽቅድምድሙም መንገዱን ለወጠ።

ክብረ ወሰን ማስመዝገቡ ግን አልቆመም። በነሐሴ 2011 የኤ.ኤም.ዲ. ሰዎች በኦስቲን፣ ቴክሳስ፣ ኤፍኤክስ-8150ን በፈሳሽ ሂሊየም አቀዝቅዘው 8.429 ጊጋኸርትዝ አደረሱት። ለተራው ባለቤት ይበልጥ የሚነካው ለውጥ ግን በ2008 በኮር አይ7 የመጣው ነው፤ ፕሮሰሰሩ የራሱን ሙቀት እየለካ፣ የቀዘቀዘ መስሎ ሲታየው ፍጥነቱን ራሱ ከፍ ማድረግ ጀመረ። በ2022 የወጡት የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ከባድ ሥራ ሲገጥማቸው 95 ዲግሪ እስኪደርሱ በራሳቸው ይፈጥናሉ፤ ቀድሞ አማተሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈልገው ያድር የነበረው መጠባበቂያ ከፋብሪካው ሲወጣ ተጠቅሞ አልቋል። በ1998 ቮልት ይጨምር የነበረው ሰው ዛሬ በዚያው ሠንጠረዥ ላይ የሚሠራው ቮልት መቀነስ ነው፤ ጥቂት መቶኛ ክፍልፋይ ቮልት ሲወርድ ፕሮሰሰሩ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ማንም ሳያዘው ይፈጥናል።