በ42 ዓመቱ ሱቁን ያስረከበው አታሚ

«ጊዜ ገንዘብ ነው» የሚለውን አነጋገር ያልሰማ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ይኖራል ብዬ አልገምትም። አለቃ አርፍዶ ለመጣ ጸሐፊ ይናገረዋል፤ ነጋዴ ዕዳውን ላዘገየበት ደምበኛ ይናገረዋል፤ አባትም ከትምህርት ቤት ሲመለስ በየመንገዱ ለሚቆም ልጁ ይናገረዋል። ነገር ግን ይህን ቃል በዓለም ላይ ያሰራጨው ሰው ማን እንደ ነበረ፣ ቃሉንም በጻፈበት በዚያው ዓመት እሱ ራሱ ምን እንዳደረገ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሰውየው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ይባላል፤ ዓመቱም በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1748 ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ፍራንክሊን በዚያ ዓመት ለአንድ ወጣት ነጋዴ ምክር ሲጽፍ፣ በቀን 10 ሺሊንግ ለማግኘት የሚችል ሰው ግማሹን ቀን ሥራ ፈትቶ ቢውል፣ ለመዝናኛ ያወጣው 6 ፔንስ ብቻ ቢሆንም፣ በዚያ ላይ ሳይሠራ የቀረውን 5 ሺሊንግ ጭምር እንደ ጣለ በሒሳብ ያስረዳዋል። እንዲህ ያለውን ምክር የሚሰጥ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ከሱቁ የማይጠፋ ይመስላል። እሱ ግን በዚያው ዓመት፣ ገና የ42 ዓመት ጐልማሳ ሳለ፣ በፊላደልፊያ ከተማ ስሙ የተጠራውን ማተሚያ ቤቱን ለሠራተኛው አስረክቦ፣ ቤቱንም ጸጥ ወዳለ ሰፈር አዛወረ። ገንዘብ ያስገኝለት የነበረውን ጊዜ በገንዘብ መልሶ ገዛው ማለት ነው። ምክሩን ያነበቡት ሰዎች ግማሹን ብቻ ይዘው የሄዱ ይመስለኛል።

ፍራንክሊን በጥር ወር 1706 በቦስተን ተወለደ። አባቱ ሳሙናና ሻማ እየሠራ የሚሸጥ፣ 17 ልጆች የወለደ ሰው ነበረ፤ ቤንጃሚን 15ኛው ነው። በትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ሲሆን፣ በ12 ዓመቱ የእጅ ሥራ እንዲለምድ ለታላቅ ወንድሙ ለአታሚው ለጄምስ በውል ተሰጠ። ውሉም 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ እንዲያገለግል፣ የሠራተኛ ደመወዝም በመጨረሻው ዓመት ብቻ እንዲያገኝ የሚያስገድድ ነበረ። ስለዚህ ይህ ልጅ ገንዘብም አልነበረው፤ ጊዜም አልነበረው። ቀኑ የወንድሙ ነው፤ ለእሱ የቀረችው ሌሊቷና እሑድ ብቻ ነበረች።

ዕድሜው 16 ገደማ ሲሆን ግን አንድ ዘዴ አገኘ። ወንድሙ ሚስት ስላላገባ፣ እሱም ተለማማጆቹም የሚመገቡት ለአንድ ቤተ ሰብ በየሳምንቱ ገንዘብ እየከፈለ ነበረ። ቤንጃሚን በዚያን ጊዜ አንድ መጽሐፍ አንብቦ ሥጋ መብላት ትቶ ነበርና፣ ለእሱ ምግብ ከሚከፈለው ገንዘብ ግማሹ ቢሰጠው ራሱን ችሎ ሊመገብ እንደሚፈልግ ለወንድሙ ነገረው። ወንድሙም ወጪ የሚቀንስለት ነገር ስለ ሆነ ወዲያው ተስማማ። ልጁ ከተሰጠው ግማሽ ውስጥ ደግሞ ግማሹን እያስተረፈ መጽሐፍ ይገዛበት ዠመር። ከገንዘቡም ይልቅ የበለጠው ትርፍ ሌላ ነው። ወንድሙና ባልደረቦቹ ለምሳ ሲሄዱ እሱ በማተሚያ ቤቱ ብቻውን ቀርቶ፣ ቁራሽ ዳቦና አንድ እፍኝ ዘቢብ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ካወራረደ በኋላ፣ እነሱ እስኪመለሱ ድረስ ያነብ ነበረ። በትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ አቅቶት የነበረውን የሒሳብ ትምህርት የተማረው በዚህች በተሰረቀች የምሳ ሰዓት ነው። ማንም ሊወስድበት ያልቻለው የመጀመሪያው ሀብቱ ይህች ሰዓት ነበረች።

በ1723 ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ኰበለለና ፊላደልፊያ ገባ። ከዚያም ወደ ሎንዶን ተሻግሮ በትልልቅ ማተሚያ ቤቶች ሠራ። በዚያ የነበሩት ሠራተኞች ብርታት ይሰጣል እያሉ ከማለዳ እስከ ማታ ቢራ ይጠጡ ነበር፤ አንደኛው ባልደረባው ለብቻው በቀን ስድስት መለኪያ ይጨርስ እንደ ነበረ ፍራንክሊን ጽፏል። ቅዳሜ ደመወዝ ሲከፈል ለመጠጥ ቤቱ ዕዳ አራትና አምስት ሺሊንግ ይቈረጥባቸዋል። ብዙዎቹም ሰኞ ከሥራ ይቀሩ ነበርና ይህን ቀን «ቅዱስ ሰኞ» እያሉ ይጠሩታል። እንዲህ ያለው በዓል በሎንዶን ብቻ የሚከበር እንዳይመስላችሁ። ውሃ ጠጪው ፍራንክሊን ግን ሰኞ ቀርቶ አያውቅምና አለቃው ወደደው፤ የተሻለ ክፍያ ያለውንም አጣዳፊ ሥራ ይሰጠው ነበር።

በ1728 በፊላደልፊያ ከአንድ ሸሪክ ጋር የራሱን ማተሚያ ቤት ከፈተ፤ በሚቀጥለው ዓመትም «የፔንሲልቫኒያ ጋዜጣ» የተባለውን ጋዜጣ ገዛ። ከዚህ በኋላ ስላለው ትጋቱ ብዙ ተጽፏልና አላስረዝመውም። ይልቅስ ሊመረመር የሚገባው ሀብቱ የተሠራበት መንገድ ነው።

የእጅ ባለ ሙያ ሀብት እጁ እስከ ተንቀሳቀሰ ድረስ ነው። ፊደል ለቃሚ ፊደል መልቀሙን ባቆመበት ቀን ገቢውም ይቆማል። ፍራንክሊን ይህን ገና በወጣትነቱ ያስተዋለ ይመስላል፤ ከያዛቸው ሥራዎች አብዛኞቹ እሱ ከአጠገባቸው ባይቆምም ፍሬ የሚሰጡ ነበሩና። በ1732 መጨረሻ በብዕር ስም ማሳተም የዠመረው የዘመን መቍጠሪያ መጽሐፍ በየዓመቱ ወደ 10,000 ቅጅ ይሸጥ ነበረ። የጠቅላይ ግዛቱ የወረቀት ገንዘብና ሕግጋት የሚታተሙት በእሱ ዘንድ ነበረ። በ1737 የፊላደልፊያ የፖስታ ሹም ሆኖ ሲሾም ደመወዙ አነስተኛ ቢሆንም፣ ጋዜጣው በየአገሩ እንዲዳረስ ስለ ረዳው ማስታወቂያውና ደምበኛው በዛለት። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ጠባያቸውን ያየላቸውን ሠራተኞቹን ወደ ሌሎች ከተሞች እየላከ፣ መኪናና ፊደል እየሰጠ፣ ከወጪው ሲሶውን እየቻለ ከትርፉም ሲሶውን ይቀበል ነበረ። ወደ ቻርልስተን ከላካቸው አንዱ ሲሞት፣ ሚስቱ ኤልዛቤት ጢሞቴ ማተሚያ ቤቱን ተረክባ ከባሏ ይልቅ የጠራ ሒሳብ በየሦስት ወሩ ትልክለት ነበረ፤ ውሉም ሲያልቅ ቤቱን ገዝታ ለልጇ አወረሰች። ፍራንክሊን ይህን ካየ በኋላ ሴቶች ልጆች ከሙዚቃና ከጭፈራ ይልቅ የሒሳብ አያያዝ ቢማሩ እንደሚሻል ተናግሯል።

በዚህ ሁሉ መካከል የመንግሥት ሠራተኛም ነበረ። ከ1736 ዠምሮ የጠቅላይ ግዛቱ ምክር ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሲያገለግል፣ አሳብ እንዲሰጥ በማይፈቀድለት ክርክር ላይ መቀመጡ ስላሰለቸው፣ ከጐን ወደ ጐንም ከላይ ወደ ታችም ሲደመሩ አንድ ውጤት የሚሰጡ የቁጥር ሠንጠረዦች እየሠራ ጊዜውን ያሳልፍ እንደ ነበረ ራሱ አምኗል። በረጅም ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የያዘ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ለራሱም የቀን ሥርዓት አውጥቶ ነበር። በእኛ የሰዓት አነጋገር ቢነገር፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ እስከ 2 ሰዓት ጸሎቱን፣ ጥናቱንና ቍርሱን ይፈጽማል፤ ከ2 እስከ 6 ይሠራል፤ ከ6 እስከ 8 ያነባል፣ ሒሳቡን ይመረምራል፣ ምሳውንም ይበላል፤ ከ8 እስከ ምሽቱ 12 እንደገና ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ 4 ሰዓት ራቱና ሙዚቃው፣ ጨዋታውና የቀኑን ሥራ መመርመሩ ነው። ሲደመር ሥራው 8 ሰዓት፣ እንቅልፉም 7 ሰዓት ነው። ብዙዎች ይህን ሰሌዳ የልፋት ሰሌዳ አድርገው ያዩታል፤ እኔ ግን ሳየው ለሥራ ከተሰጠው ሰዓት ይልቅ ከሥራ የተከለለው ሰዓት በዝቶ አገኘዋለሁ። ደግሞም ሰሌዳውን በደንብ አልጠበቀውም። ባለ ሱቅ ባለ ጕዳይን የሚቀበለው ባለ ጕዳዩ በመጣበት ሰዓት እንጂ በራሱ ሰዓት አይደለምና፣ ሥርዓት አክባሪነት ከሁሉ ይልቅ ያስቸገረው ነገር መሆኑን ጽፏል። የራሱ ጌታ የሆነ ሰው ጊዜው የራሱ እንዳልሆነ የተረዳው በዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ በ1748 ዴቪድ ሆል ከተባለ ስኮትላንዳዊ ሠራተኛው ጋር የ18 ዓመት ውል ተዋዋለ። ሆል ማተሚያ ቤቱን ሙሉ በሙሉ ያስተዳድራል፤ ትርፉን እኩል ይካፈላሉ፤ ውሉ ሲያልቅ ቤቱ የሆል ይሆናል። ፍራንክሊን ቢቀጥል ኖሮ ሙሉውን ትርፍ ይወስድ ነበረ። ግማሹን መተዉ ልጅ ሳለ ለወንድሙ የምግቡን ግማሽ መተዉን ያስታውሰኛል። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ለአንድ ምሁር ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከእንግዲህ ለማንበብ፣ ለመመራመርና ከዐዋቂዎች ጋር ለመነጋገር ጊዜ እንዳገኘ፣ ለምክር ቤት ሊመርጡት ያሰቡትንም ሰዎች እንዲተዉት እንደ ለመናቸው በደስታ ይገልጻል።

ቀጥለው በመጡት ጥቂት ዓመታት ያደረገውን ዓለም ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ ኀይል አዎንታዊና አሉታዊ ተብሎ የተጠራው በእሱ ነው። በ1751 ደብዳቤዎቹ በመጽሐፍ መልክ ሎንዶን ላይ ታተሙ፤ በግንቦት 1752 ፈረንሳውያን በእሱ አሳብ መሠረት ከደመና ኤሌክትሪክ አወረዱ፤ በ1753 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር የኮፕሊን ሜዳልያ ሸለመው። መዝናናቱም አልቀረም፤ በ1750 የገና ሰሞን የቱርክ ዶሮ በኤሌክትሪክ ገድሎ ሊጠብስ ሲል ኀይሉ ወደ ራሱ ዞሮ ራሱን ስቶ ነበረ። በኋላም በስሕተቱ ማፈሩን ሳይደብቅ ጻፈው።

ነገር ግን ገንዘብ በሣጥን ይቈለፍበታል፤ ለጊዜ የሚሆን ሣጥን ግን አልተገኘም። የከተማው ሰው ፍራንክሊን ሥራ እንደ ሌለው ባወቀ ጊዜ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ያዘው። በዚያው በ1748 የከተማው ምክር ቤት አባል፣ በ1749 ዳኛ ሆነ፤ አይመረጥብኝ ያለው የጠቅላይ ግዛቱ ምክር ቤትም በ1751 መረጠው። በ1753 ለመላው የሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ከተሾሙት ሁለት የፖስታ ሹሞች አንዱ ሆነ። በ1757 ለአገር ጕዳይ ወደ ሎንዶን ተላከ። እሱ ራሱ በሕይወት ታሪኩ ላይ፣ ሰዉ ባለ ጊዜ መሆኑን ሲያይ ለየአገልግሎቱ እንደ ያዘው ይናገራል። አልወደደውም ለማለት ግን ያስቸግራል፤ ሹመትን አልለምንም፣ አልከለክልም፣ አልለቅምም ይል ነበረና።

የዚህን ሰው ታሪክ ለመማሪያ ብቻ የሚተርኩ ጸሐፊዎች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ፤ ለዕረፍቱ የከፈለው እሱ ብቻ አልነበረም። በቤቱ በባርነት የተያዙ ጥቍር ሰዎች ያገለግሉ ነበር፤ በጋዜጣውም የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ ያትም ነበረ። ጊዜ ገንዘብ መሆኑን ያስተማረ ሰው፣ ጊዜያቸው በሙሉ በሌላ ሰው የተሸጠባቸውን ሰዎች በቤቱ አኑሯል። በ1757 ወደ ሎንዶን ሲሄድ ካስከተላቸው ሁለቱ አንዱ፣ ኪንግ የሚባለው፣ በዚያው አገር ኰበለለ፤ እንደ ጌታው ሁሉ ጊዜውን የራሱ ሊያደርግ ነበር። ፍራንክሊን በ1787 ባርነትን የሚቃወመው የፔንሲልቫኒያ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1790ም ከመሞቱ ሁለት ወር በፊት ባርነት እንዲቀር ለኮንግሬስ የቀረበውን ማመልከቻ ፈርሟል። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ፈርሟል።

ሌላይቱ ሚስቱ ዲቦራ ናት። በችግሩ ዘመን ሱቁን የጠበቀች፣ መጻሕፍት የሰፋች፣ ወረቀት ለሚሠሩት ሰዎች አሮጌ ጨርቅ የገዛች እሷ ናት። ባሏ በ1757 ሲሄድ ባሕር ስለምትፈራ ቀረች። በ1762 ተመልሶ ሁለት ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ በ1764 መጨረሻ እንደገና ሄደ። እሷም ሒሳቡን እየያዘች፣ አዲስ ያሠራውን ቤት እየጠበቀች፣ ደብዳቤ ትጽፍለት ነበር፤ እሱም ዕቃ እየላከ በቅርቡ እመለሳለሁ ይላት ነበር። በታኅሣሥ 1774 ሞተች፤ ዐሥር ዓመት ሙሉ አልተያዩም።

ፍራንክሊን በ69 ዓመቱ ግንቦት 5 ቀን 1775 ፊላደልፊያ ወደብ ደረሰ። እሷ የሌለችበትን ቤት ከፍቶ አንድ ሌሊት ዐደረ። በማግሥቱ ለአህጉራዊው ጉባኤ እንደራሴ እንዲሆን መረጡት፤ እሱም ሄደ።