ከሰንበሌጥ ወደ ቆርቆሮ፦ የፎገራ ጣሪያ አጭር ታሪክ

ሰሞኑን ወረታ ውስጥ ሁለት ሰው ቆሞ ካወራ ወሬው አይጠፋችሁም፦ «ቆርቆሮ ስንት ገባ?» ክረምት ሳይገባ ጣሪያ መቀየር ያለበት ቤት ብዙ ነው። እስኪ ዛሬ የንጉሥ ታሪክ ትተን የጣሪያ ታሪክ እንይ። ጣሪያም እኮ ታሪክ አለው፤ ዋናው ጥያቄም «ማን ከፈለ?» የሚለው ነው።

ቆርቆሮ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ሄንሪ ፓልመር የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1829 ለንደን ላይ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ቀጭን ብረት ሲታጠፍ እንደሚጠነክር ነው ያስተዋለው። ወረቀት ዘርግታችሁ አንድ እርሳስ አስቀምጡበት፣ ይጎብጣል፤ እንደ ማራገቢያ አጥፋችሁ ሞክሩት፣ ይሸከማል። በቃ፣ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

እኛ አገር የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። መጀመሪያ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር፤ የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ነገሩ ቀለለ። በዚያው ዘመን የገባው ባሕር ዛፍም አግዞታል። ክብ ጎጆ ለሳር ይመቻል፤ ቆርቆሮ ግን አራት ማዕዘን ቤትና ቀጥ ያለ እንጨት ይፈልጋል።

ከዚያ በፊት ድሃውም ጌታውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ሳር ነበር የሚከደነው። ሳር ጠላቱ እሳት ነው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ስንት አድባራት ነደዱ! ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ተረፈ፤ ዛሬም ክዳኑ ሳር ነው።

ወደ ፎገራ እንምጣ። የሳር ጣሪያ ገንዘብ አይጠይቅም ነበር፤ ሰው ነው የሚጠይቅ። ሰንበሌጡ ከሜዳ ይታጨዳል፣ ደቦ ይጠራል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ እንጀራው ይጋገራል፣ ቤቱ ይከደናል። ሲያረጅ እንደገና ደቦ ነው። ዕዳው ጉልበት ነው፤ ዛሬ የኔን ከደንክ፣ ነገ ያንተን እከድናለሁ። የምድጃው ጢስም ሥራ ነበረው፤ ጥላሸቱ ሳሩን ከምስጥ ይጠብቀው ነበር።

ይህን ምን ለወጠው? አንደኛው መንገድ ነው። በደርግ ዘመን ቻይናዎች ከወረታ ወልድያ የሠሩት መንገድ፣ አሁንም «የቻይና መንገድ» የምንለው፣ ወረታን መገናኛ አደረጋት። ሁለተኛው ሩዝ ነው። በዚያው ዘመን በጅግናና በሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባሉበት፣ ሩዝ ተሞከረ። ዛሬም «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያ ስሙን ከዚያ ይዞ ቀርቷል። ክረምት ውኃ ተኝቶበት ለግጦሽ ብቻ ይውል የነበረው ሜዳ እህል አበቀለ፣ ገበሬው እጅ ላይ ብር ገባ፣ ብሩም ጣሪያ ላይ ወጣ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ሜዳው ሩዝ ሲሆን ሳሩም አብሮ ሄደ! የፎገራ ከብት ግጦሹ እንደጠበበበት ሁሉ ጣሪያውም ሰንበሌጡ ራቀው። ስለዚህ ቆርቆሮ «አለፈልን» ማለት ብቻ አይደለም። ሩዙ ቆርቆሮ መግዣውን ብር ሰጠን፣ ወደ ሳር መመለሻውን ግን ወሰደብን። ርብና ጉማራ ሞልተው በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቁ ያየ ሰው ደግሞ ጣሪያ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም።

አሁን ያ የመጀመሪያው የሩዝ ዘመን ቆርቆሮ አርጅቷል። ዝገቱ ከሚስማሩ ቀዳዳና ከተደራረበበት ይጀምራል። ጎረቤት በደቦ ጭቃ ይመርጋል፣ እንጨት ያቆማል፤ ቆርቆሮን ግን በደቦ አታጭደውም። ሒሳቡን እንሥራው። 8 በ6 ሜትር ቤት ክፈፉ በየጎኑ ግማሽ ሜትር ሲወጣ 9 በ7፣ ማለትም 63 ካሬ ይሆናል። ተዳፋቱ ሲጨመር ወደ 70 ይጠጋል። ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ ሲደራረብ 1.5 ካሬ ገደማ ነው የሚሸፍነው። ስለዚህ ወደ 47 ቆርቆሮ ያስፈልጋል፤ ሚስማሩ፣ ማገሩና የአናጢው ሒሳብ ለብቻ ነው።

ይህን የሚሸፍንልን ማነው? የደቦው ወራሽ ዕቁብ ነው። ዕቁብ ግን አንድ ክፍተት አለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ምን ያህል እንደቀለለ ሁላችንም አይተናል። መጀመሪያ ዕጣ የደረሳት ቤቷን ትከድናለች፤ መጨረሻ የደረሳት ያንኑ ብር ጥላ ግማሽ ጣሪያ ይዛ ትቀራለች። ብዙ ጊዜ ደግሞ ለሌላው ቅድሚያ ሰጥተው መጨረሻ የሚቀሩት ደጋግ እናቶቻችን ናቸው።

ደቦ ይህ ችግር አልነበረበትም። የአንድ ቀን ጉልበት አምናም ዘንድሮም የአንድ ቀን ጉልበት ነው። ታዲያ ዕቁቡን በብር ሳይሆን በቆርቆሮ ቁጥር ብናደርገውስ? በወር ሁለት ሁለት ቆርቆሮ፣ ዋጋው በዕለቱ ገበያ። ሲወደድ ሁሉም እኩል ይጨምራል፣ መጨረሻ የደረሳትም ሙሉ ጣሪያ ታገኛለች። አዲስ ነገር አይደለም፤ አያቶቻችን ያወቁት ሒሳብ ነው።

እናንተ ቤት የመጀመሪያው ቆርቆሮ መቼ ተመታ? በሩዝ፣ በከብት ወይስ በዕቁብ? ታላላቆቻችሁን ጠይቁና ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የፎገራ ታሪክ እነሱ ጋ ነው ያለው። መልካም ጊዜ!