መጽሐፍ በሣጥን ሲዘጋና በጸሓፊ እጅ ሲበዛ

ኢዮቤልዩ በኦሪት ሕግ ከሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት በኋላ የሚመጣ፥ ባሪያ ነጻ የሚወጣበት፥ የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት ዓመት ነው። ስለዚህ ደብሩ በዓሉን ሲያከብር ከአባቶች የወረደውን የመጽሐፍ ርስት ማሰብ ይገባል። (የዘመኑ ቍጥር እንደ አውሮፓውያን ነው።)

በ10ኛው መቶ ዓመት በጥብርያዶስ ሰሎሞን ቤን ቡያዓ የሚባል ጸሓፊ የዕብራውያንን ቅዱሳት መጻሕፍት ሁሉ በአንድ ጥራዝ በብራና ጻፈ፤ አሮን ቤን አሼርም የንባቡንና የዜማውን ምልክት አኖረበት። ይህ መጽሐፍ ኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ገባ። በ1099 የመስቀል ጦረኞች ከተማይቱን ሲይዙ ተማረከ፤ አይሁድም በገንዘብ ዋጅተው ወደ ግብፅ ወሰዱት። በዚያም ታላቁ መምህር ሙሴ ቤን ማይሞን ለንባብ ማረሚያ አደረገው። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን ወደ ሶርያ ወደ ሐለብ ደረሰ።

በሐለብ ምኩራብ በብረት ሣጥን ተቈልፎ ከ500 ዓመት በላይ ተቀመጠ። ጠባቂዎቹም ስለ ክብሩ ቀንተው ሁሉ እንዳይገለብጠው ከለከሉ። በ1947 መጨረሻ በከተማይቱ ሁከት ተነሥቶ ምኩራቡ ተቃጠለ። ከ490 ቅጠል ገደማ የተረፈው 295 ያህል ነው፤ ከአምስቱ ብሔረ ኦሪት አብዛኛው ጠፋ። የተረፈውም በ1958 ወደ ኢየሩሳሌም ተወሰደ።

ተልሙድ የሚባለው የአይሁድ ትምህርት መጽሐፍ ደግሞ ከ1520 እስከ 1523 በቬኒስ በዳንኤል ቦምበርግ ማተሚያ ቤት ሙሉው ታተመ። በ1553 በሮም አደባባይ ብዙ ተልሙድ ተቃጠለ። ነገር ግን መጽሐፉ በብዙ አገር ተበትኖ ነበርና እሳቱ ሊያጠፋው አልቻለም።

የሀገራችን ሊቃውንት ሥራ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ በጥንት ዘመን በአይሁድ ዘንድ ይነበቡ ነበር፤ ኋላ ግን ከእጃቸው ጠፉ። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የሄኖክ በአራማይስጥ፥ የኩፋሌ በዕብራይስጥ ቍርጥራጭ ብራና ተገኘ። ሁለቱ መጻሕፍት ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሙሉ ሆነው የሚገኙት በግእዝ ብቻ ነው። ይህም የሆነው ስለ ቍልፍ ጽናት አይደለም፤ ብራና የሚፍቅ፥ ቀለም የሚበጠብጥ ደብተራ አንዱ ሲያረጅ ሌላውን ስለ ጻፈ ነው።

እንግዲህ በየዕቃ ቤቱ ያለው ብራና ከአይጥና ከዝናም ይጠበቅ፤ ይልቁንም ይገልበጥ፥ በፎቶግራፍም ይነሣ፥ ልጆችም ንባቡን ይማሩ። የሐለብ መጽሐፍ ጠባቂ ሳያጣ ጠፋ፤ ኩፋሌ ግን ጸሓፊ ስላላጣ ኖረ። ልዑል እግዚአብሔር ለደብሩ ጸሓፊና አንባቢ አያሳጣው፤ አሜን።