«መሥራት የሚችል» ማን ነው? ከሴፍቲኔት ታሪክ

በማኅበራችን «ሴፍቲኔት» ሲባል ሁላችንም የምናውቀው ነገር ይመስለናል። አንዳንዶቻችን በጠዋት መጥረጊያ ይዘን ጎዳና ጠርገንበታል፤ የአንዳንዶቻችን እናቶች በገጠር እርከን ሠርተውበታል። በደንቡ ውስጥ ያለው «መሥራት የሚችል» የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ ግን ብዙ አንነጋገርም።

አባባሉ ከሴፍቲኔት ይቀድማል። ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ መንግሥትንም ለጋሾችንም ካሳሰቧቸው ነገሮች አንዱ ሕዝቡ እርዳታ መጠበቅ ይለምዳል የሚለው ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አገር አቀፍ የአደጋ መከላከል ፖሊሲ ጉልበት ያለው ሰው እርዳታ የሚያገኘው ሠርቶ እንዲሆን ወሰነ። ከእርዳታው 80 በመቶው በሥራ፣ 20 በመቶው በነፃ የሚለው ስሌትም የተለመደ ሆነ። ሒሳብ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ግራ ያጋባል። ደካሞቹ ሳይቆጠሩ ድርሻቸው አስቀድሞ ተወስኗልና። በአንድ ቀበሌ ሽማግሌና በሽተኛ ቢበዛስ?

በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈላጊ ሆነ። በየዓመቱ እርዳታ ከመለመን ቋሚ ፕሮግራም ይሻላል ተባለና በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲኔት ተጀመረ። ስሌቱ በነፍስ ወከፍ ነው፦ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን፣ በመጀመሪያው ዋጋ በቀን 6 ብር። አምስት ሰው ያለበት ቤት 25 ቀን ሠርቶ 150 ብር ያገኛል። ባልና ሚስት ካሉ ቀኑን ይካፈሉታል። ባሏ የሞተባት የአራት ልጆች እናት ግን፣ ስሌቱ እንዲሁ ከተሠራባት፣ 25ቱም ቀን የሷ ነው፤ ያውም ውሃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙ፣ ማብሰሉ ሳይቆጠር። መመሪያው ቢከለክልም የእናቱን ቀን ልጅ ሄዶ ሲሞላ ታይቷል።

ይህ ቀስ በቀስ ተሻሻለ። ቀድሞ ነፍሰ ጡር ከሥራ የምታርፈው እርግዝናዋ ሲገፋ ነበር። በ2007 ዓ.ም. የተዘጋጀው መመሪያ ግን እርግዝናዋ ከተረጋገጠበት ጊዜ አንስቶ ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው ወደ ቀጥታ ድጋፍ አዛወራት። አንድ ሰው በወር ከ15 ቀን በላይ እንዳይሠራ ገደብ አበጀ፤ የሴቶችንም የሥራ ጫና ከወንዶቹ በግማሽ ቀነሰ። ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኛ ትልቁ እርምጃ የምንለው ይህንን ነው።

በ2009 ዓ.ም. ፕሮግራሙ አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር 604,000 ሰው እንዲያቅፍ ታቀደ። 16 በመቶው ለቀጥታ ድጋፍ፣ የቀረው ለሥራ ተመደበ። እዚህም ድርሻው ከቆጠራው ቀደመ።

ከሁሉ የሚከብደው በሁለቱ መካከል ያለችው ናት፦ ወገቧን የሚያማት፣ አንድ ሳምንት ደህና ሆና በሚቀጥለው የማትነሣ። እንዲህ ላለችው ቀላል ሥራ፣ ለምሳሌ የሠራተኞችን ልጆች መጠበቅ፣ ይሰጣታል። ግን ማን ይወስናል? መልማይ ኮሚቴው ከሠፈሩ ሰው ይውጣጣል፤ የስም ዝርዝሩም ለነዋሪው ቀርቦ አስተያየት ይሰጥበታል። ማን እንደቸገረው ከጎረቤት በላይ የሚያውቅ ስለሌለ አሠራሩ ደግ ነው። የማይታይ በሽታ ያለባት ሴት ግን ለማረፍ ስትል ሕመሟን ለሠፈሩ ልትናገር ነው። ኤች አይ ቪ ከሆነስ? ከመናገር ጎዳና መጥረጉን የመረጡ በመካከላችን አሉ።

የማኅበራችን የመረዳጃ ገንዘብ ቅጽ የሕመሙን ዓይነት የማይጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። የሐኪም ማስረጃውን ገንዘብ ያዧ ብቻ አይታ ለባለቤቷ ትመልሳለች።