1936 የሚል ሳንቲም መቼ ተመታ?

ከደሴ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ሐይቅን አልፎ በአምባሰሏ ውጫሌ በኩል ወደ ወልድያ ይዘልቃል። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴ ከጣሊያን እጅ ስትወጣ የእንግሊዝ ወገን ጦር ወደ አምባላጌ የገሠገሠው በዚሁ መስመር ነው። ጦር ባለፈበት ገንዘብም አልፏል። በወረራው ዘመን ሊሬ መጣ፤ ቀጥሎ እንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ አስገቡ፤ በ1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አዲስ ብር ወጣ። ጠገራ ብር ግን ከሁሉም በፊት ነበረ፣ ከሁሉም ጋር ሲሠራበት ቆየ። ስለዚህ በሐይቅም ሆነ በአምባሰል ከአንድ የድሮ ሣጥን የአራት መንግሥት ገንዘብ ቢወጣ አይገርምም። ሳንቲም የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያነበው ዓመተ ምሕረቱን ነው። የዚያን ዘመን ገንዘብ በሚመለከት ግን ቀኑ ያሳስታል፤ እውነተኛው ምስክር ማዕድኑ ነው እላለሁ።

ዋናው ማስረጃዬ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 50 ሳንቲም፣ ሕዝቡ ሽልንግ ያለው፣ ነው። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእርዳታ ሕግ መሠረት 5.4 ሚሊዮን አውንስ ያህል ብር ለኢትዮጵያ አበደረች፤ ከዚያም በመቶ 80 ብር የሆኑ 30 ሚሊዮን ሳንቲሞች ተመቱ። የእያንዳንዱ ክብደት 7.03 ግራም ስለሆነ ሒሳቡ ከብድሩ ጋር በትክክል ይገጥማል፤ ብድሩ ሁሉ ወደ ሳንቲም ገብቷል ማለት ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ በ1947 እ.ኤ.አ.፣ ያው ሳንቲም በዚያው መልክ፣ በዚያው ክብደት፣ በዚያው የ1936 ዓ.ም. ቀን እንደገና ተመታ፤ የብሩ መጠን ግን ወደ በመቶ 70 ወረደ። ዓይን ሁለቱን አይለይም፤ ጽሑፉም አይለይም። የጦርነቱን ሳንቲም ከሰላሙ ሳንቲም የሚለየው ውስጡ ያለው ብር ብቻ ነው።

ይህን ለማወቅ ሳንቲሙን መፋቅ አያስፈልግም። መጀመሪያ እንዲሁ ይመዘናል። ቀጥሎ በሚዛን ላይ በተቀመጠ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ታችና ጎኑን ሳይነካ በቀጭን ክር ይንጠለጠላል፤ ሚዛኑ የጨመረው ግራም የሳንቲሙን ይዘት በኩቢክ ሳንቲሜትር ይነግራል። ክብደቱን ለይዘቱ ማካፈል ነው። የንጹሕ ብር ውጤት 10.49፣ የመዳብ 8.96 ነው፤ በመቶ 80 ብር ያለው ቅይጥ 10.14፣ በመቶ 70 ያለው 9.98 ይሆናል። በአንዱ 50 ሳንቲምና በሌላው መካከል የውኃው ልዩነት 11 ሚሊግራም ብቻ ስለሆነ የሚሊግራም ሚዛን ያስፈልጋል፤ ጠርዙ ላይ የተጣበቀች አንዲት የአየር አረፋ ውጤቱን ታበላሻለች። ማለቁ ግን አያሳስትም፤ ያለቀ ሳንቲም ክብደቱም ይዘቱም አብረው ይቀንሳሉ።

ለዚህማ አንጥረኛ በመፈተኛ ድንጋይና በአሲድ ይበቃል የሚል ይኖራል። የአንጥረኛን እጅ አልንቅም፤ ብር ከነሐስ ለመለየት ከበቂ በላይ ነው። ድንጋዩ የሚያነበው ግን ላዩን ነው። ከመመታቱ በፊት በአሲድ የታጠበ የብርና የመዳብ ቅይጥ ላይኛው ገጹ መዳቡን ስለሚያጣ ከውስጡ የጠራ ይመስላል። የምሥራቅ አፍሪካው ሽልንግ ሩብ ብቻ ብር ሆኖ ሲወጣ ነጭ ነበር። ውድ የሆነው የኤክስሬይ መሣሪያም ቢሆን ከቀጭን ገጽ በታች ብዙም አያይም። ውኃ መላውን አካል ይመዝናል። ማግኔትም ይረዳል፣ ግን ለብቻው አይታመንም፤ ጣሊያን በ1939 እ.ኤ.አ. የማይዝግ ብረት ሳንቲም ስትጀምር ማግኔት የሚስበውንም የማይስበውንም አውጥታለች።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ማዕድኑ ሁሉን አይናገርም። ጠገራ ብር ሁልጊዜ 1780 ይላል። በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሶሊኒ ማተሚያውን ከቪየና ካገኘ በኋላ ሮም፣ በማግሥቱ ዓመት ለንደን፣ በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ ቦምቤይ መትተውታል፤ ሁሉም 28.07 ግራም፣ በመቶ 83.3 ብር። ለወራሪው የተመታውን ወራሪውን ለማስወጣት ከተመታው ሚዛን አይለየውም። እዚህ ላይ በብሩ አንድ ገጽ የተቀረጸችውን ንግሥት የደረት ጌጥ ዕንቁዎችና በሌላው ገጽ ያለውን ንስር የጅራት ላባዎች መቁጠር ግድ ነው። ይህ ግን ለ50ው ሳንቲም የሚሠራ መንገድ አይደለም። ከመሬት የወጣ አንድ እንስራ 50 ሳንቲም ቢገኝና ከውስጡ አንዱ እንኳ 9.98 ቢሆን፣ እንስራው የተከደነው ከ1947 እ.ኤ.አ. በፊት ሊሆን አይችልም። ሁሉም 10.14 ቢሆኑ በጦርነቱ ማብቂያ ገደማ ሊሆን ይችላል ከማለት አናልፍም፤ የቆየ ሳንቲም ለመቅበር የረፈደበት ዘመን የለምና።